እናቴ ተመራማሪዋን የጠየቀቻት

ገና የጥሪ ካርዱን ሳይ ነገሩ አላማረኝም። ከገጠር ለሚመጡ የካንሰር ሕሙማን ማረፊያ የሚሰጥ ማኅበር ደጋፊዎቹን ጣና ዳር ባለ አዳራሽ ሊሰበስብ ነው፤ ንግግር የምታደርገው አንዲት የካንሰር ተመራማሪ ናት። እናቴ ለማረፊያው ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ትልካለች። የእሷም ግራ ጡት ከዓመታት በፊት በዚሁ በሽታ ምክንያት በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ «ከልጅዎ ጋር ይምጡ» ተብሎ ተጨምሮበታል። እኔን ለምን ፈለጉኝ?

«ይቅርብን» አልኋት።

«አንቺ ቅሪ፤ እኔ የምጠይቀው አለኝ» አለችኝ። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

አመሻሽ ላይ ከሰፈራችን ከሹም አቦ በባጃጅ ወረድን። በሩ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው ቆሟል። እናቴን ፎቶ ሊያነሳት ሲል መሐል ገባሁበት። የማኅበሩ አስተባባሪ ክንዴን ይዛ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠችን። ያ ሁሉ አክብሮት ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

ተመራማሪዋ የእኔ እኩያ የምትሆን ቀጭን ሴት ነበረች። በሽታው በሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ፣ የእኛ አገር ሕሙማን ገና በሚገባ እንዳልተጠኑ ቀስ ብላ አስረዳች። መጨረሻ ላይ «እናቶቻቸው የታመሙባቸው ሴቶች ደም ቢሰጡን ብዙ እንማራለን» አለች።

ይኸው፣ አልሁ በሆዴ። የተፈለገው የእኔ ደም ነው።

እናቴ ድምፅ ማጉያውን ተቀብላ ተነሣች። «ልጄ፣ ጡቴን ቆርጠው ወሰዱት። የት አደረሱት?»

ከኋላችን አንድ ሰው ሳቀ። እናቴ ዞር ሳትል ቀጠለች። «ባለቤቴ መሪጌታ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ብጠይቀው ‹እግዚአብሔር አይጠፋውም› አለኝ። እሱስ አይጠፋውም፤ እኔም ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አስተባባሪዋ ድምፅ ማጉያውን ልትቀበላት ስትመጣ፣ ተመራማሪዋ በእጇ ከልክላት ከመድረኩ ወረደች።

«አብዛኛው ይቃጠላል፣ እናቴ። ትንሽ ቁራጭ ግን በሰም ተይዞ ይቀመጣል፤ በሽታው ቢመለስ ለማነጻጸር።»

«ማንን ጠይቃችሁ?»

«ሊነግሩዎት ይገባ ነበር» አለች ተመራማሪዋ።

እኔ ግን አላመንኋትም፤ ጥፋትን ቶሎ ማመንም ሰውን ማባበያ ይሆናል። ተነሥቼ «የእኛስ ደም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል?» አልኋት።

«የተወሰነው ይሄዳል። እዚህ የማንሠራው ምርመራ አለ።»

«ይመለሳል?»

«ውጤቱ ይመጣል። ደሙ አይመለስም።»

ስንወጣ እናቴ ወደ እሷ ጠጋ ብላ «ቁራጯን ላያት እችላለሁ?» አለቻት። ተመራማሪዋ እሞክራለሁ አለች። በባጃጁ ውስጥ «በቃ፣ ረስታሻለች» ብዬ እናቴን አስቀየምኋት።

አልረሳቻትም። በሳምንቱ ደውላ እናቴ ወደታከመችበት ሆስፒታል ወሰደችን። የላቦራቶሪው ኃላፊ ከመሳቢያ አውጥቶ ጥፍር የምታህል ነጭ ሰም እናቴ መዳፍ ላይ አኖረላት። መሐሏ ላይ ግራጫ ነገር ይታያል። እናቴ አማተበችና ብዙ አየቻት።

«ወስጄ ልቅበራት?»

«ውሳኔው የእርስዎ ነው» አለች ተመራማሪዋ። «ግን አንድ ቀን ለሕክምናዎ ልታስፈልግ ትችላለች።»

«እንግዲያው ትቀመጥ። ስሞት ለልጄ ስጧት፤ አብራኝ ትቀበር።»

«እሺ» አለች ተመራማሪዋ።

«ኃላፊውም እሺ ይበል» አልሁ እኔ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሰውየው ፈገግ ሳይል «እሺ፣ እኅቴ» አለ። በሩ ላይ ተመራማሪዋ ስለ ደሙ ልትጠይቀኝ አፏን ስትከፍት «አሁን አይደለም» ብዬ ቀደምኋት።

በዚያው ሰሞን ጡቴን ተመረመርሁ፤ ደህና ነሽ አሉኝ። እናቴ በየበዓሉ ለተመራማሪዋ ትደውላለች፤ እሷም ሁልጊዜ ታነሣላታለች። አንዳንዴ ስልኩን ወደ እኔ ስታቀብለኝ ሰላም እላታለሁ፤ ጤናዋን፣ ሥራዋን እጠይቃታለሁ። ደሜን ግን እስካሁን አልሰጠሁም።