ከሞላሌ በላይ የተደወለ ስልክ

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው የወንድሜ ልጅ ሲደውል ብቻ ነው፤ እሱም የሚደውለው ለንግድ ነው። «ጋሼ፣ ስልክን በቀጥታ ከሳተላይት ጋር የሚያገናኙ የውጭ ኩባንያዎች አክሲዮን እየሸጡ ነው። የጡረታ ቁጠባህን እዚያ እናውለው» አለኝ። ሞባይል አዲስ አበባ ገና መግባቱ ነበር። እኔ ደግሞ በዓይኔ ሳላይ የማላምን ግትር ነኝ። ፈቃድ ካለው ወኪል አንድ የሳተላይት ስልክ ለሙከራ ተዋስኩና ሽቦ ያልደረሰው አገር ሰው ይፈልገው እንደሆነ ለማየት ወደ መንዝ ተነሣሁ።

እስከ ሞላሌ

አውቶቡሱ ደብረ ብርሃን ለቁርስ ቆመ፤ ሻይና ዳቦ በአንድ ብር። ጣርማበርን ይዘን ስንታጠፍ አስፋልቱ አለቀ፣ የወገቤ መከራ ጀመረ። ጉም መስኮቱን ስለሸፈነው አገሩን ሳላይ ሞላሌ ገባሁ። አጠገቤ የነበረችው ነጋዴ በግ ልትገዛ እንደምትሄድ ነግራኝ ተኛች፤ ከዚያ ወዲያ ያነጋገረኝ ሰው የለም።

ከሞላሌ በእግር

በማግስቱ ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ወጣሁ። አባባ ጥላዬ የሚባሉ የገብስ ገበሬ «እንግዳ ሜዳ አያድርም» ብለው ወሰዱኝ። መንገድ ላይ ስልኩን አሳየኋቸው።

«ልጄ ሰይፉ አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶብኛል። በዚህ ይገኛል?»

የልጃቸውን ቤት አከራይ ስልክ ቁጥር እንደ ዳዊት በቃላቸው ያውቁታል። መንገዱ ዳር ካለው ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ አንቴናውን አውጥቼ ደወልኩ። አከራይዋ አነሳች፤ ከአባቱ ጋር መንዝ ሜዳ ላይ ሆኜ ሰይፉን እንደምፈልግ ነገርኳት።

«ሰይፉ? ወንድሜ፣ ሰይፉ አረፈ። ትናንት ቀበርነው፤ ዘመዱን የምናገኝበት ጠፍቶን ነው። ለአባቱ እንዲህ ሜዳ ላይ እንዳትነግር፣ ሽማግሌ ፈልግ።»

አባባ እጃቸውን ዘርግተዋል። «ድምፁን አሰማኝ እንጂ!»

«ወጥቷል አሉ፣ አባባ።»

ቤት ደርሰን እሳቸው ከብት ሊያስገቡ ሲሄዱ፣ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። የሰማሁትን ለቄሱ ስነግራቸው መምሬ አንገታቸውን ደፉ። «ዛሬ አይነገርም፤ እህል ቀምሶ ይደር። ጎህ ሲቀድ ዘመዱን ይዘን እንመጣለን። አንተም ቤቱ እደር፤ ከሄድክ ይጠረጥራል።»

ማዕድ

የገብስ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። አባባ ለሰይፉ ሠርግ የሚያደልቡትን በግ እያሞገሱ ያጎርሱኛል። ባዶ ቤቴ ውስጥ እንኳ ያን ያህል ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ንጋት

ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ አባባ ከደጅ አዩአቸው፤ ቃል ሳይወጣ ገባቸው። ለቅሶው ጋብ ሲል አስጠሩኝ።

«ትናንት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አባባ።»

«እያጎረስኩህ?»

«አዎ።»

ትከሻዬን ያዙ። «ብቻህን ይዘኸው አደርክ ለካ! እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ። አርባው ሳያልፍ አደረስክልኝ፤ ፍትሐቱ በቀኑ ይደረግለታል።» አለቀስኩ። የመጣሁት ገበያ ላጠና ነበር።

ቤት

ሦስቱን ቀን አብሬ ተቀምጬ ተመለስኩ። ሳተላይቱ ድምፅን ገደል አፋፍ ድረስ ያመጣል፤ የሰማውን ሰው ደግፎ የሚይዝ ግን ጎረቤት ነው። ይህንን ከአክሲዮን ወረቀት አልማረውም ነበር። ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ የቤቴ ስልክ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ገበያ አለው?»

«ሞልቷል።»

«ታዲያ እንግዛ?»

«አንተ ግዛ። የእኔን ከአርባው ስመለስ እነግርሃለሁ።»

«የምን አርባ? ማን ሞተብን?»

«ሰይፉ» አልኩት፤ «ልጃችን።»