በባኹም ሰገነት ላይ የጌታ ድርሻ

ከጋሽ ባኹም ጋር ግድግዳ ከተጋራሁ ወዲህ ነጭ አንሶላ መግዛት ትቻለሁ። እዚህ ከተማችን ማላዊ ውስጥ ርግብ የሚያረባው እሱ ብቻ አይደለም፤ የሱ ርግቦች ግን ከሰገነቱ ሲነሱ መጀመሪያ የሚጎበኙት የኔን የልብስ ገመድ ነው። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ፣ የተበላሸውን አንሶላ እንደያዝኩ በሩን ደበደብኩት።

«ጋሽ ባኹም! እነዚህ ርግቦችህ ከሰፈር ሊያስለቅቁኝ ነው እንዴ?»

«የኔ አይደሉም እኮ፣ እት ኢሪኒ። እኔ ጠባቂ ነኝ።»

«እንግዲያው ለባለቤቱ ንገርልኝ፤ አንሶላዬን ይጠብልኝ!»

ሳቀና አንሶላውን ከእጄ ተቀብሎ ገባ። ማታ ታጥቦ፣ ተተኩሶ መጣልኝ። ያጠበው ራሱ መሆኑን ሚስቱ ዘኪያ ሹክ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ተቆጥቼው አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ግን ልቤ አይጨክንበትም።

«የኔ አይደለም» ማለት አመሉ ነው። ሥራው የጋዝ ምድጃ መጠገን ነው። ጠዋት በብስክሌት የወጣ ሰው ማታ በእግሩ ይመጣል፤ «ብስክሌቷስ?» ሲሉት «የቸገረው ሰው ወሰዳት» ይላል። መሰላሉ ከቤቱ ይልቅ በሰው ቤት ነው የሚከርመው። ያገኘውን ይዞ ሲገባ ገና ዳቦ ሳይገዛ አሥራቱን ለይቶ በባዶ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል። ዘኪያ «መጀመሪያ እንብላ እንጂ!» ብላ ስትጮህ «የሰው ገንዘብ በኪሴ ይዤ ገበያ ልግባ?» ይላታል። ደግሞ ለጋስ ነህ ሲሉት ይቆጣል። ከባለቤቱ ከጌታ ወስዶ ለድሆቹ ማቀበል ምኑ ነው ልግስና ባይ ነው።

ርግቦቹንም የሚከፍላቸው በዚሁ ሥርዓት ነው። ከሚፈለፈሉት ከአሥሩ አንዱ ወደ ላይኛው ቆጥ ይወጣል፤ ያ ቆጥ የጌታ ነው። የተመረጠው እህል የሚሄደው ወደዚያ፣ አዲሱ የሽቦ መረብ የተገጠመውም እዚያ ነው። የታችኞቹ ቆጦች፣ ማለትም የራሱ የምንላቸው፣ አሮጌ መረብ ተጣጥፎባቸው ይኖራሉ።

እኛ ዘንድ ልጅ ስትዳር የመጀመሪያው ማታ እራት ከእናቷ ቤት ይሄዳል። በእሸት ስንዴ የተሞላ ርግብ ከሌለበት ደግሞ እራት አይባልም። ያንን መላክ ያቃተው ቤት ልጁ በአማቷ ፊት አንገቷን ደፍታ ትኖራለች። ድሆችን የጌታ ወንድሞች ነው የምንላቸው፤ የባኹም የላይኛው ቆጥ ለእነሱ ሴቶች ልጆች ሠርግ ነው። ቀኝ እጅህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ስለተባለ በምስጢር ይሰጣል። ጎህ ሲቀድ ቅርጫቱን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገሰግሳል፤ ቄሱ አባ ሰራቢዮን ደግሞ ለተቸገረው ያደርሳሉ። ምስጢሩ ታዲያ ቅርጫት ውስጥ ሆኖ መንገዱን ሙሉ ያጉረመርማል። ሰፈሩ በየአልጋው ላይ ይገላበጥና «ባኹም በምስጢር ሊሰጥ ወጣ» ይባባላል። ደፍሮ የነገረው የለም፤ ማን ደስታውን ይነጥቀዋል?

አምና የገና ጾም ሊገባ ሲል ልጁ ዮስቲና ልትዳር ሆነ። ጾሙ ከገባ ሠርግ የለምና ከተማው በሙሉ የሚዳረው በዚያ ሰሞን ነው። ገበያ ላይ ርግብ በወርቅ ቢፈለግ አይገኝም። ባኹም ምን ገዶት! የታችኞቹን ቆጦች ለልጁ ሲቀልብ ነው የከረመው። ያለችውን ገንዘብ ደግሞ ለዮስቲና ድስትና ትሪ፣ ፍራሽና ምንጣፍ ጨርሷታል።

ሠርጉ በደረሰበት ሰሞን አንድ ማለዳ የዘኪያ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ሰው የሞተ መስሎኝ ነጠላ ጫማ እንኳ በቅጡ ሳላጠልቅ ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። ሽልምጥማጥ በአሮጌው መረብ ሾልኮ ገብቶ የታችኞቹን ቆጦች አራቁቷቸዋል። የቀረው ላባ ነው። ላይ፣ ከአዲሱ ሽቦ ጀርባ፣ የጌታ ርግቦች ምንም እንዳልተፈጠረ ደረታቸውን ነፍተው ይንጎራደዳሉ።

«ሌላው የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ይጥላል፤ የኔው ጉድ ደግሞ የቆጡን ሲጠብቅ የብብቱን አስበላ!» አለች ዘኪያ። «በል አሁን ከላይ አውርድ። በፋሲካ ትተካለህ።»

«አደራ ነው፣ ዘኪያ። ከአደራ አይበላም።»

«ልጅህስ? እሷ አደራ አይደለችም?»

ባኹም ጎንበስ ብሎ ላባውን መልቀም ጀመረ። ዮስቲና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ «ተዉት በቃ፤ ያለ ርግብም እሄዳለሁ» አለች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች። አማቷን አውቃታለሁ። ለቅሶ ቤት ገብታ እንኳ የድስት ክዳን ከፍታ የምታይ ሴት ናት። ልጅቷ አሳዘነችኝ፤ በባኹም ደግሞ ተናደድኩ። ከአንሶላው ቀን የባሰ ነው የተናደድኩት።

እሱ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ፈተናውን ከቤቱ ለማስወጣት ሲል የላይኛውን ቆጥ ጠራርጎ ቅርጫት ውስጥ ከተተ፤ በጠራራ ፀሐይ ተሸክሞም ለአባ ሰራቢዮን አስረከበ። ለማን እንደሚሰጡት አልጠየቀም፤ እሳቸውም አልነገሩት። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ዘኪያ ጀርባዋን ሰጠችው፤ እኔም ሰላምታውን በአፍንጫዬ መለስኩለት።

በማግስቱ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። የመጣችው ፋይቃ ናት፤ ገበያ ላይ ቅጠላ ቅጠል የምትሸጠው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ያሳደገችው ግማሹን በጉልበቷ፣ ግማሹን በምላሷ ነው። ታናሿም በዚያው ሰሞን ልትዳር ነበር፤ የባኹም ቆጥ መራቆቱንም ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ፋይቃ በጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫት ይዛለች፤ ቅርጫቱ ያጉረመርማል። እኔ ያን ጊዜ በመስኮቴ እስከ ወገቤ ወጥቻለሁ።

«ጋሽ ባኹም፣ ተቀበለኝ።»

«ምንድን ነው?»

«አይጠየቅም። ከጌታ ነው።»

ባኹም ጆሮው ድረስ ቀላ። «ፋይቃ፣ ይሄ ላንቺ ልጅ የተሰጠ ነው። አንዴ ሰጥቼ አልመልስም።»

«ውይ! አንተ ነህ እንዴ የሰጠኸው?» አለች እጇን አፏ ላይ ጭና። «እኔ እኮ መልአክ መስሎኝ!»

ዘኪያ ከጀርባው ሳቋ አመለጣት።

«ለልጄ ግማሹ ይበቃታል» አለች ፋይቃ። «እራት የሚበሉት ሙሽሮች ናቸው፤ ጦር ሠራዊት አይደሉ!»

«አይሆንም። የኔ አይደለም።»

«ልክ ነህ፣ ያንተ አይደለም! ትናንት ጠባቂው አንተ ነበርክ፤ ዛሬ እኔ ነኝ። ለማን እንደምሰጥ አንተን ላማክር?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትልቋን ስድር ቅርጫትህ ሲመጣልኝ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። አባ ሰራቢዮን ‹የጌታ ነው፤ አትፈሪ› አሉኝ። ተቀበልኩ። ለኔ ሲሆን የጌታ፣ ላንተ ሲሆን የፋይቃ ነው?»

ባኹም ስንት ዘመን ሰጥቷል፤ የሚቀበል ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ግን አንድም ቀን አላየም። ያን ለት እሱ ራሱ በገዛ ደጃፉ፣ እኔ ጎረቤቱ እያየሁት፣ እጁን መዘርጋት ነበረበት። ዞሮ ዮስቲናን አየ። እሷ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። ፋይቃም ቅርጫቱን እንደዘረጋች ናት፤ አላወረደችውም። ፈርቼ ነበር፤ በሩን ዘግቶ የሚገባ መስሎኝ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ በሁለት እጁ ተቀበላት። ያ ስንት ቅርጫት በምስጢር ያሻገረ ክንድ ለጥቂት ርግቦች ዝቅ አለ።

«ይከብዳል፣ ፋይቃ» አላት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«አውቃለሁ» አለችው። «ለዚህ አይደል ግማሹን ብቻ ያመጣሁልህ!»

ቀድሞ ሳቅ የመጣለት ራሱ ባኹም ነው። ዘኪያ በሳቁ ላይ እልል አለች፤ ዮስቲና ደረጃውን ዘላ መጥታ ፋይቃ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እኔም ከመስኮቴ እልልታዬን ጨመርኩበት።