ሃያኛው ፊርማ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጾም ስለ መግደፌ ተናዝዤ ተመልሻለሁ። እሳቸውም ስግደት አዘው ሸኙኝ። ሰገድኩ፤ ጉልበቴን አመመኝ፤ ነገሩ ግን የነበረበት ቦታ ቁጭ አለ። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለሥራ ባልደረቦቼም ትንፍሽ አላልኩም። እስካለፈው እሑድ ድረስ ይህን ከአፌ የሰማ ሰው አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ አድጌ ሦስት ዓመት ደበቅሁ። አሁን ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ አንባቢ፣ እንደሆነው አድርጌ እናገራለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ይታገሡኝ።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳ። ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ፣ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ስድስት ሆነን የምንሠራበት ትንሽ ድርጅት አለ። ለትርፍ የቆመ አይደለም። ለሁለት ነገር እንሟገታለን። አንዱ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ነፃ ስል ያለ ዋጋ የሚታደል ማለቴ ሳይሆን፣ ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ ሊያነበው፣ ሊቀዳውና ሊያስተካክለው የሚችል ፕሮግራም ማለቴ ነው። ሌላው፣ ሰው በስልኩ የያዘውን ምስጢር ማንም እንዳይበረብርበት ነው። ፕሮግራሙ ይገለጥ፣ ሰው ይሸፈን እንላለን። እኔ ፕሮግራሞቹን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እዚህ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ስልካቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ አሠለጥናለሁ። ሥልጠናዬን ሁልጊዜ የምከፍተው «ያልጻፋችሁትን ማንም አያነብባችሁም» ብዬ ነው። ሠልጣኞቼም ይስቁና ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል።

ከዚያ አቴንዳንሱ፣ የተገኙት የሚመዘገቡበት ወረቀት፣ ይዞራል። ስም ከነአባት፣ ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ቦታ፣ ፊርማ። ለጋሾቻችን ሥልጠናው መካሄዱን የሚያምኑት በዚህ ወረቀት ነው፤ አንዳንዴም ከዝርዝሩ ጥቂት ሰዎች መርጠው ይደውላሉ። ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ ብለን ሳንጨርስ ቁጥራቸውን የምንሰበስበው እኛው ነን። ቢሮ ውስጥ እንቀልድበት ነበር። ከመቀለድ አልፎ ግን እንቀይረው ያለ ሰው የለም። እኔም አላልኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ አሠለጠንኩ። እዚያው ቤት የሚሠሩ ሁለት ሴቶችም ገቡ። አንደኛዋን ሰናይት እላታለሁ፤ ስሟ አይደለም። ሁለተኛዋ ትርሲት ናት፤ ስሟን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ፣ ማታቱ በሚሉት በናይሮቢ ሚኒባስ አብረው ይሳፈራሉ። የአንድ እናት ልጆች እንኳ እንደነሱ ሲዋደዱ አላየሁም።

ሰናይት ከአዲስ አበባ የመጣችው ከባሏ ሸሽታ ነው። ሁለት ጊዜ ሆስፒታል አስተኝቷታል። ኬንያ መግባቷን አያውቅም ነበር። ቁጥሯን የያዙት እናቷና ትርሲት ብቻ ነበሩ። ይህን በሻይ እረፍት ላይ ነገረችኝ። የመጣችውም እንዳትገኝ ስልኳን እንዴት እንደምትይዝ ልትማር ነው።

አቴንዳንሱ ሲደርሳት ሳትጽፍ አሳለፈችው። መጨረሻ ላይ ቆጠርኩ። እቅዳችን ላይ ሃያ ሠልጣኝ ይላል፤ ወረቀቱ ላይ አሥራ ዘጠኝ ስም አለ። አሥራ ዘጠኝ ብዬ ብልክ ምን እሆን ነበር? ምንም። አንድ መስመር ማብራሪያ እጽፍ ነበር፣ አለቀ። እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ወደ እሷ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ባልጽፍስ?» አለችኝ።

«ለሪፖርት ብቻ ነው። ከእኔ እጅ አይወጣም።»

«ሌላ ስም ልጻፍ?»

«ድንገት ቢደውሉና ስሙ ካልገጠመ የሚጠይቁት እኮ እኔን ነው።»

እኔን ነው አልኳት። ሴትዮዋ ነፍሷን ይዛ ሸሽታ መጥታለች፣ እኔ እንዳልጠየቅ እጨነቃለሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ዞር ብላ ትርሲትን አየቻት። ትርሲትም «ጻፊ ባክሽ፣ ጋሼ እኮ ነው» አለቻት። ጻፈች። ስሟን ከነአባቷ፣ ቁጥሯን፣ የምግብ ቤቱን ስም ጻፈችና ፈረመች። ሃያ ሞላልኝ።

ዝርዝሩን በኮምፒውተር በሠንጠረዥ ተየብኩና የሪፖርቱ መጨረሻ ላይ አያይዤ ለለጋሹ ላክሁ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሪፖርት አይደበቅም፤ ሌላውን ግልጽ ሁን እያልን እኛ መዝጋት አንችልም፤ ስለዚህ ማንኛውንም ሪፖርት ድረ ገጻችን ላይ እናወጣለን። ከመውጣቱ በፊት የሰዎቹ ዝርዝር ተቆርጦ ይቀራል። የመቁረጡ ሥራ የእኔ ነው። ያን ቀን ሳልቆርጥ ጫንኩት። ረሳሁት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልረሳሁም። ዝርዝሩ እንዳለበት እያየሁ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ ከዌስትላንድስ ልውጣ፣ ሰኞ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው የጫንኩት። የረሳሁት ሰኞ ነው። አራት ወር እዚያ ተቀመጠ።

በአራተኛው ወር ሰናይት ቢሮ መጣች። ቀጠሮ አልያዘችም። ወንበር ሰጠኋት፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ደውሎላት ነበር። የምትሠራበትን ምግብ ቤት ስሙን ጠርቶ «መጣሁልሽ» ብሏታል።

«ጋሼ፣ ከየት አገኘኝ? አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን መጀመሪያ የምናደርገው የተበደለውን ሰው ስም ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ነው። ስሟን ከነአባቷ ጻፍኩ። አንድ ውጤት ብቻ መጣ። የእኛ ድረ ገጽ። የእኔ ሠንጠረዥ። ሃያኛው ረድፍ።

ኮምፒውተሩ ፊቱን ወደ እኔ ነበር ያዞረው። እሷ ጀርባውን ነው የምታየው።  አዙሬ ባሳያት ኖሮ ምን ትለኝ ነበር? አላውቅም፤ አላዞርኩትማ። ገጹን ዘጋሁና ጠየቅኋት።

«ቁጥርሽን ከአንቺ ሌላ ማን ይዞታል?»

«እማዬና ትርሲት።»

«ትርሲት ስልኳ ላይ ብዙ አፕ ትጭናለች?»

«ማን የማይጭን አለ?»

ከዚያ አስተማርኳት። አንዳንድ አፕ በስልክ የተመዘገቡ ቁጥሮችን ከነስማቸው፣ ስልኩ የሚውልበትንም ቦታ ጠራርጎ እንደሚወስድና ለሌላ እንደሚያቀብል ነገርኳት። ይህ እውነት ነው፤ በየሥልጠናው የምናገረው ነው። እውነቱን ለውሸት አከራየሁት። «ትርሲት እንዲህ አታደርግም» አለች። «ሆን ብላ አላልኩም፣ ሳታውቅ» አልኩ። ሳታውቅ የምትለው ቃል በጎ መሰለችኝ። ሰናይት ቦርሳዋን አንስታ አመስግናኝ ወጣች። አመስግናኝ!

በሩ እንደተዘጋ ዝርዝሩን ከድረ ገጹ አወረድኩ። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ድረ ገጻችን ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው በመዝገብ ይቀመጣል፤ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው። ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ልማድ ነው፤ ስሕተት አይደበቅም፣ ይታረምና ከነስሙ ይቀመጣል። ለስንት ወጣት ይህን ልማድ ሳወድስ ኖሬአለሁ! ያን ቀን ከመዝገቡ ውስጥ የእኔን ሥራ ፋቅሁት። ሰውን ገለጥኩ፣ ራሴን ሸፈንኩ። ድርጅቱን የምትመራው ዋንጂሩ የመዝገቡ ቁጥር መዝለሉን አይታ ጠየቀችኝ። ቆሻሻ እያጸዳሁ ነው አልኳት። «ሳዋ»፣ እሺ እንደማለት፣ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሰናይት በሳምንቱ ከምግብ ቤቱም ከክፍሉም ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ለትርሲት አልነገረቻትም። ቁጥሯን ቀየረች፤ አዲሱን አልሰጠቻትም። እናቷም ለማንም እንዳይሰጡ ተማጽናቸዋለች። ባልየው እውነትም መጣ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ሁለት ቀን ቆመ፤ ትርሲትን በእንግዶች ፊት አንገቷን አንቆ «የት ደበቅሻት» አላት፤ ሰው ደርሶ አስጣላት፣ ፖሊስ ወሰደው። ትርሲት «አላውቅም» ስትለው እውነቷን ነበር። እንዳታውቅ ያደረግኋት እኔ ነኝ።

እርስዎ እስካሁን ያነበቡት በደሌ ግማሹ ነው።

ትርሲት ወደ እኔ መጣች። አንገቷ ላይ የጣቱ ምልክት ገና አልጠፋም። ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እይልኝ። በእኔ ይሆን የተገኘችው? እውነቱን ንገረኝ፣ አልከፋም።»

እውነቱን ንገረኝ ብላ ለምናኛለች። ቢሮው ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ከዚህ የተሻለ በር እግዚአብሔር ለማን ይከፍታል? ስልኩን አነሳሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ነካካሁት፤ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ቅንድቤን ቋጠርኩ። ምንም የምፈልገው ነገር አልነበረም። ከዚያ «አሁን ንጹሕ ነው። በፊት ግን ኖሮ ሊሆን ይችላል» አልኳት።

ሊሆን ይችላል። እኛ ባለሙያዎች ስንፈራ የምንገባባት ጉድጓድ ይህች ናት። ትርሲት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አለቀሰች። «እኔ ነኛ ያስያዝኳት» አለች። እኔም ውሃ አመጣሁላት። አዎ፣ ውሃ አመጣሁላት፤ ደግ ሰው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ስልክ ሸጠችው። ኬንያውያን ሙሊካ ምዊዚ የሚሏትን፣ የእጅ ባትሪ መብራት ያላትን ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ ያዘች። ከአገር ቤት የወንድሟ ሠርግ በቪዲዮ ሲተላለፍ ምግብ ቤቱ ሁሉ በሰው ስልክ ሲያይ እሷ ወጥ ቤት ገባች። ሌላ ሰው እንዳላስይዝ ትላለች። እኔ እዚያ ምሳ ስበላ ፊት ለፊቴ ቆማ «ጋሼ፣ ምን ልጨምርልህ?» ትለኛለች። ሦስት ዓመት እንዲህ በላሁ። እንዴት ወረደልኝ? ወረደልኝ። ሰው ሁሉን ይለምዳል፤ እኔም ለመድኩት።

ለምን አሁን ተናገርክ ቢሉኝ የሚያኮራ መልስ የለኝም። ባለፈው ወር አዲስ ሠራተኛ ቀጠርንና ለሥልጠና ወደዚያው ምግብ ቤት ወሰድኳት። አቴንዳንሱን ስታዞር አንዲት ሠልጣኝ ለመጻፍ አመነታች፤ ትርሲት አየችና፣ እኔ እንደምሰማ ሳታውቅ፣ ልጅቷን «ለእሱ መጻፍ አያስፈራም፣ ጋሼ የታመነ ሰው ነው» አለቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ምግቡ አልወርድ አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምግብ ቤቱ ሄድኩ። እንግዳ ያልበዛበት ሰዓት ነበር። ይህንኑ ጽፌ ይዤ ነበርና ትርሲትን ጥግ ያለው ጠረጴዛ ጋ አስቀምጬ አነበብኩላት። በቃሌ ብናገር እንደማሳምረው አውቃለሁ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጋሼ አላለችኝም።

«ስልኬን ይዘህ ግማሽ ሰዓት ምን ስታይ ነበር?»

«ምንም።»

«እኔ ለዚህ ንስሐ ገብቻለሁ እኮ። ቀኖና ተቀብዬ ጨርሻለሁ።»

 በእኔ ኃጢአት የሰገደችው እሷ ናት። ይቅር በይኝ አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ቀለለብኝ። ይቅር አላለችኝም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የጨው ዕቃ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ቁጥሯን ታውቀዋለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። እናቷም ካረፉ ዓመት ሆናቸው፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «እንግዲያው ያንን ያወጣህበት ቦታ ይህንንም አውጣው። እኔ እሷን የምጠራበትን ስም ጻፍ፤ ሌላ ሰው አያውቀውም፣ እሷ ታውቀዋለች።»

ስለዚህ ይህን የሚያነቡት በዚያው ድረ ገጽ ላይ ነው። የፋቅሁትንም በመዝገቡ ላይ ከነስሜ መልሼ ጽፌአለሁ። ዋንጂሩ በእንግሊዝኛ ሰምታዋለች፤ ስለ ሥራዬ ገና አልወሰነችም፤ ብታባርረኝ አልከራከርም። ከእርስዎም ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለው ለአንዲት ሴት የተጻፈ ነውና፣ የምትገኝበት ይመስለኛል የሚሉት ቦታ ካለ ያድርሱልኝ።

ጭራሮ፣ ያስያዘችሽ ትርሲት አይደለችም። ስምሽንና ቁጥርሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በእሷም ያሳበብኩት እኔ ነኝ። ያለሽበትን ለማንም አትንገሪ፣ ለእኔም። የትርሲት ቁጥር ግን አልተቀየረም።