የሞቀው ሞተር

ባለፈው ሳምንት አሮጌ የመስክ መኪና ልገዛ ዓለም ከተማ ሄድኩ። መካኒኩ ሞተሩን ሲያስነሳው ሰማያዊ ጭስ ወጣ። የተቃጠለው ዘይት ሲሸተኝ ልቤ ያደግኩባት ሞላሌ፣ አባቴ ግቢ ገባ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሊሸጠው ያሰበውን መኪና ገዢው ከመምጣቱ በፊት አስነስቶ እያሞቀ፣ «ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው ጉዱ የሚወጣው» አለኝ። ነገሩ በግማሽ ገባኝ። ገዢው ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ የታመሙ ባለቤታቸውን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ለማመላለስ ነው የፈለጉት። የሞተሩን ክዳን ዳሰሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ተነስቶ ነበር እንዴ?»

አባቴ አየኝ።

«ኧረ አልተነሳም! ፀሐይ ነው ያሞቀው» አልኩ።

«እንግዲህ ልጅ አይዋሽም» ብለው ሳቁና ገዙት።

ወር ሳይሞላው ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ሞተሩ ዳገት ላይ ጭራሹን ቆመ። ባለቤታቸውን ከዚያ በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዷቸው፤ እግዜር ይመስገን ተረፉ። ጋሽ ደምሴ አባቴን ሰላም ማለት ተዉ። እኔን ግን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እንደ ወትሮው ጉንጬን ሳሙኝ።

«አንቺማ ምን ታውቂያለሽ» አሉኝ።

አውቅ ነበር። ጋሽ ደምሴ ዛሬም ሞላሌ አሉ፤ እኔም እስካሁን አልነገርኳቸውም።