የጀልባዋ ምላስ

አማቼ፣ የሚስቴ አባት፣ ልጃቸውን ካገባሁ ስምንት ዓመት ሞልቶኝም፣ አንድ ቀን «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም ነበር። የሌላዋ ልጃቸው ባል፣ ያ ሲስቅ ጠረጴዛ የሚያናጋ ሹፌር፣ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ «ልጄ» ነው። እኔ «አናጢው» ነኝ። «አናጢው፣ እስቲ ውሃ አቀብለኝ።» «አናጢው በልቷል?» በእርግጥ አናጢ ነኝ፤ ዲላ ውስጥ እኔ የገጠምኩት በር ክረምት አብጦ አልዘጋ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይናገር። ግን ሰው በገዛ ቤተሰቡ መሃል በሙያው ብቻ ሲጠራ ሆዱን ይብሰዋል።

አማርኛዬም ሌላ ጣጣ ነበር። እኔ የባንኮ ጎቲቲ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በጌዴኦኛ ነው፤ ስናደድ ወንድና ሴቱ ይምታታብኛል። እሳቸው ደግሞ ከሸዋ መጥተው ዲላ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ልጅ ናቸው። «መዶሻው ጠፋች» ካልኩ ጉርሻቸውን አየር ላይ አቁመው «ጠፋ» ይላሉ። ከዚያ ይጎርሳሉ።

እኚህ ሰው የቡና ንግዳቸውን ለልጆቻቸው ትተው ቤት ሲውሉ ሥራ ፈትነቱ አላስቀምጥ አላቸውና ጀልባ ገዙ። አዎ፣ ጀልባ። አንድ የውጭ አገር ሰው አባያ ሐይቅ ዳር ትቷት የሄደ፣ በሸራ የምትሄድ፣ አራት ሰው የምትይዝ አሮጌ ነገር። ሰፈሩ ሰውዬው ነካ አደረጋቸው አለ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ጀልባዋ እንጨት ናት፤ እንጨት ከሆነች ወደ እኔ ትመጣለች፤ አሳምሬ ካስረከብኳቸው «ልጄ» የማይሉበት ምን ምክንያት አለ?

በአይሱዙ ተጭና መጣች። ገልብጬ ሳያት ሆዷ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል፤ ክንድ ተኩል የሚረዝም፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ። ከውስጥ ደግሞ በስንጥቁ ዙሪያ ጠባብ ሣጥን ቆሞበታል። ፈረንጁ ቀዳዳውን መድፈን አቅቶት ውሃው እንዳይፈስበት ሣጥን አጠረለት ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ጨረቃ ላይ የወጡ ሰዎች አንዲት ቀዳዳ አሸነፈቻቸው! ጣውላ ቆርጬ፣ በኮላና በሚስማር አሽጌ፣ ላዩን በቅጥራን ለቅልቄ ደፈንኩት። ሣጥኑን ለዳቦ መያዣ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሐይቁ ላይ ሸራው ነፋስ ሲሞላ ጀልባዋ ወደ ፊት መሄዱን ትታ ወደ ጎን መንሸራተት ያዘች። አማቼ የሚያዩት ወዲያ፣ እሷ የምትወስደን ወዲህ። መጨረሻ ላይ ሸንበቆ ውስጥ ገብተን ተሰነቀርን፤ ጉማሬ አለመኖሩ የእግዜር ቸርነት ነው። አማቼ ባርኔጣቸውን ከሸንበቆው ላይ እያነሱ፣ በር ገጥመህላት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

በገመድ ጎትቶ ያወጣን አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ድሮ ከፈረንጁ ጋር ይሠራ ነበር። ወደ ጀልባዋ ውስጥ አጮልቆ አየና «ምላሷን የት አደረጋችሁት?» አለን።

ለካ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ወደ ውሃው የሚወርድ ሳንቃ ነበር። ውሃውን ይቆነጥጥና ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታል። ዳር ሲደርሱ ደግሞ መሬት እንዳይነካ በገመድ ስበው ወደ ሣጥኑ ይሰበስቡታል። ዓሣ አጥማጁ የፈረንጁን ቃል ስላልያዘው ምላስ ብሎ ጠራው። እኔ ደግሞ የፍጥረቷን አፍ በሚስማር ሰፍቼባታለሁ።

የድሮው ምላስ የት ሄደ ብንለው አንገቱን አከከ። ቡሌ ላሉ አማቶቹ ሰጥቶታል። ሰው ለአማቱ ሲል የማያደርገው ነገር የለምና አልፈረድኩበትም። ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሬ ቡሌ ወጣሁ። ሴቶቹ ሳንቃውን አጋድመው እንሰት ይፍቁበታል። እንዲመልሱልኝ ብለምናቸው እንዲህ ያለ ልስልስ ሳንቃ አግኝተን አናውቅም ብለው ሳቁብኝ። በሲባጎ ለክቼ ተመለስኩ። ታችኛው ጫፉ ላይ ጭብጥ የሚያህል ክብ ቀዳዳ ነበረው። እነሱ ለመስቀያ የበሱት መስሎኝ ዝም ብዬ አለፍኩት።

ስንጥቁን ከፈትኩ፤ ከዋንዛ አዲስ ምላስ ጠረብኩ፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግሁት። ሐይቁ ላይ ገመዱን ስለቀው አልወርድ አለ። ዋንዛ ቀላል እንጨት ነው፤ ይንሳፈፋል። በእግሬ ብረግጠው ይወርድና እግሬን ሳነሳ ብቅ ይላል። ለሐይቁ የሠራሁትን ምላስ ጀልባዋ ለእኛ አወጣችብን። አማቼ ፊታቸውን ወደ ዳሩ አዞሩ። ዓሣ አጥማጁ ግን ከዳር ሆኖ እየሳቀ ተናዘዘ። በድሮው ምላስ ክብ ቀዳዳ ውስጥ እርሳስ የሚሉት ከባድ ብረት ነበረበት፤ ነቅሎ ለመረቡ ማክበጃ አቅልጦታል። በከረጢት ድንጋይ እየጨመርን ብናስርበት አምስት ኪሎ ግድም ሲሆን ምላሷ ወርዶ ቁጭ አለ።

አማቼ አምስት ኪሎ እኔ ጋ አለ አሉ። ከጓዳቸው የሚዛን ድንጋይ አወጡ፤ ድንጋይ እንለዋለን እንጂ ብረት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ስመዝንበት ማንም ቅር ተሰኝቶ አያውቅም ብለው ሰጡኝ።

ሁለት ጊዜ ተዋርጃለሁ፣ ሦስተኛ አልዋረድም ብዬ ቀዳዳውን ከመብሳቴ በፊት ድንጋዩን ሥጋ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት። ስድስት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሚዛኑ ቀልዶ ይሆናል ብዬ ሌላ ሱቅ ሄድኩ፤ ያው ነው። ገልብጬ ቀለሙን ብፍቀው ሆዱ ተቦርቡሮ እርሳስ ተሞልቶበታል፤ ለካ ስድስት ኪሎ ግድም ቡና በአምስት ሂሳብ ሲገዛበት ኖሯል።

እዚያው ሱቁ ደጅ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ቀይ እሸት ቡናዋን እኔን አሸክማ የምታስመዝነው እኚሁ አማቼ መንደራችን ባቆሙት ሚዛን ላይ ነበር። ቤት ስትመዝነውና እሳቸው ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁልጊዜ ይጎድላል። እሸት ቡና ሲመጥጡት ይጣፍጣል፤ ስለዚህ በእሷ ቤት መንገድ ላይ የበላሁት እኔ ነኝ። ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ብምልም ጆሮዬን ጠምዝዛ ጠምዝዛ ቀይ እሸት ታስመስለው ነበር። ነደደኝ። ሽማግሌ ሰብስቤ ድንጋዩን መሃል ላይ ላስቀምጠው አማረኝ። ደግሞ ያቺ «ልጄ» ትዝ ትለኛለች። ለሚስቴ እንኳ ሳልናገር ምላሱ ውስጥ ቀበርኩት። እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ሐይቅ ውስጥ ከገባ ማን ያየዋል ብለው ይሆን የሰጡኝ? እንደዚያ ከሆነ ለአናጢ መስጠት አልነበረባቸውም።

በሦስተኛው ቀን ገመዱን ስለቀው ምላሷ ዷ ብሎ ወረደ። ጀልባዋ ቀጥ ብላ፣ የውሃውን ፊት እየቀደደች ሄደች። አማቼ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ሕፃን ሳቁ። እኔ ያቺን «ልጄ» እጠብቃለሁ።

«አናጢው፣ አሁን ገና ሠራህ» አሉኝ።

አልቻልኩም። «አባባ፣ ያቺ ድንጋይ እኮ ከአምስት ኪሎ ትከብዳለች» አልኳቸው። «እናቴ ቡናዋን እርስዎ ጋ ነበር የምታስመዝነው።»

«ያቺ» ማለቴን አላረሙም። ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ዳሩ እየቀረበ፣ ሸንበቆው እየታየ ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። «ምላስህን ሰብስብ።»

በስምንት ዓመት ውስጥ ከዚያች «ያቺ» በቀር አንዲት ስህተቴን ሳያርሙ ያላለፉ ሰው «ምላሷን» ሊሉ ተሳስተው አይደለም «ምላስህን» ያሉት። ገመዱን ሳብኩ። ሁለቱንም ሰበሰብኩ።

ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ «ልጄ» ነበርኩ፤ ሹፌሩ እንኳ ቀንቶብኛል። እናቴ ግን ዛሬም ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር፣ ይሄ ልጅ ቡናዬን መንገድ ላይ እየመጠጠ ስንቱን ጨረሰብኝ እያለች ታስቃለች። ድሮ እምል ነበር። አሁን «ይጣፍጥ ነበር፣ እማዬ፤ ይቅር በይኝ» እላታለሁ።