የሚነቃነቅ ነገር የማይወደው ልጄ

ልጄ አናጢ ነው። እጁ የተባረከ ነው፤ አመሉ ግን አንጀቴን ያሳርረዋል። የሚነቃነቅ ነገር አይወድም። የጠረጴዛ እግር ሲወዛወዝ ካየ ምግቡን ትቶ ይነሳል። የመኝታ ቤቴ መስኮት በነፋስ ተንኳኳ ብሎ በብሎን ጠርቅሞት ሄዶ፣ ይኸው ታፍኜ አለሁ። ክፈትልኝ ስለው፣ «እማዬ፣ አሁን ጸጥ አላለም?» ይለኛል። አመልህን በጉያህ፣ ስንቅህን በአህያህ ይባላል፤ እሱ አመሉን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ካቻቢቴ አይለየውም።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ተንቀሳቃሽ ግድግዳ ሥራ ያሉት።

ዩኒቨርሲቲው የድሮውን ፍርድ ቤት አድሶ መማሪያ ሊያደርገው ነው። ትልቁ ችሎት ጠዋት ሦስት ክፍል፣ ከሰዓት አንድ አዳራሽ እንዲሆን ተፈለገ። ግንቡ ቅርስ ስለሆነ ሚስማር አይነካውም፤ የእንጨቱ ግድግዳ በራሱ ምሰሶዎች መካከል በሐዲድ እየተንሸራተተ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መሐንዲሱ የልጄን ሥራ ወዶለት፣ ርክክቡ ካማረ የሕንጻው ቋሚ አናጢ አድርጎ እንደሚያስቀጥረው ነገረው። ምራቴ እዚያው በጽዳት ትሠራለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ከአገር አገር ሲዞር ልጃቸው አባቷን እንግዳ አድርጋው፣ በመጣ ቁጥር ከኋላዬ ትደበቃለች። ስለዚህ ቤቱ ሁሉ ርክክብ ርክክብ ሲል ሰነበተ።

ዋዜማውን ልጄ፣ ግድግዳው ሲዘጋ ጫፉ ይንቀጠቀጣል እያለ ሲብሰለሰል ዋለ። መሐንዲሱ፣ ለመንሸራተት ክፍተት ያስፈልገዋል፣ ተወው ብሎታል። ምራቴም ተወው አለችው፤ እኔም። እሺ አለ። የእሱ እሺ ግን ከእምቢታ ይብሳል።

በማግስቱ የሆነውን የነገረችኝ ምራቴ ናት። የዩኒቨርሲቲው ዲን እንግዶች አስከትለው ገቡ። መሐንዲሱ በአንድ ጣት ይከፈታል ብሎ ገፋ። ንቅንቅ የለም። በእጁ ገፋ፤ በትከሻው ገፋ፤ ከረባቱ ወደ ጀርባው ዞረ። አንዱ እንግዳ፣ ይሄማ ራሱ ግንብ ነው አለ። ያኔ ልጄ ከሰዉ መሃል ቀስ ብሎ ወጣና ከኪሱ ካቻቢቴውን አወጣ።

«ማነው ያሰረው?» አሉ ዲኑ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ይወዛወዝ ነበር።»

«እንዲንቀሳቀስ አይደል እንዴ የተሠራው?»

«መንቀሳቀሱንስ ይንቀሳቀስ። መንቀጥቀጡ ነው።»

ምራቴ መጥረጊያዋን እንደያዘች መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ የጠረቀማቸው ብሎኖች ሲፈቱ ግን ግድግዳው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ሄደ። ዲኑ ራሳቸው ወዲያና ወዲህ እየገፉ ሞከሩት፤ ደግመው ገፉት።

«ይቀጠር» አሉ። «ግን በየክፍለ ጊዜው ግድግዳውን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ራሱ ይሁን፤ አመሉ እስኪለቀው።»

ይኸው ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲገፋ ውሎ ማታ ቤቱ ይገባል። ልጅቱም ከኋላዬ መደበቅ ትታለች። እኔ ግን መች ተገላገልኩ። ባለፈው እሁድ ስጨቀጭቀው መስኮቴን ፈታልኝ። ነፋሱ ሽው ሲል ነፍሴ መለስ አለች። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ኳ አለ። ልጄ ቀና ብሎ አየው።

ካቻቢቴው አልጋዬ ላይ ነበር። ሄጄ ተቀመጥኩበት።