ኮራች ያሉኝ ጊዜ

ልጅ ሳልወልድ ከጡቴ ወተት መፍሰስ ጀመረ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሸሚዜ ሲረጥብ ተሰማኝ፤ ጠመኔውን አስቀምጬ ነጠላዬን ደረቴ ላይ ደረብኩ። ከጎንደር አጠገብ ጠዳ ላይ አስተማሪ ነኝ። ካገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የወር አበባዬ ከቀረ ቆይቷል፤ እርግዝና ግን አልነበረም። ይህ ለማን ይነገራል? ለባሌ ለጌታነህ እንኳ የነገርኩት ከወራት በኋላ ነው።

ጎንደር ሄደን ደሜ ሲመረመር ፕሮላክቲን የሚባለው ወተት የሚያመጣ ሆርሞን ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ኤምአርአይ ተነሣሁ። ከአንጎል ሥር፣ ከዓይን ነርቮች በታች፣ ፒቱታሪ የምትባል የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች፤ እሷ ላይ እብጠት በቅሏል። ካንሰር አይደለም አለን ሐኪሙ። እብጠቱን የሚያሳንስ ካበርጎሊን የሚባል ክኒን አዘዘልኝና «ይህን ስትወስጂ ልታረግዢ ትችያለሽ። እንዳረገዝሽ ክኒኑን አቁሚና ወዲያው ወደ እኔ ነይ፤ እብጠቱ በእርግዝና ሊያድግ ይችላል» አለኝ።

አረገዝኩ። ክኒኑን አቆምኩ። ወደ እሱ ግን አልሄድኩም። ከተነገረኝ ውስጥ ደስ ያለኝን ግማሽ ብቻ ነው የሰማሁት። ሦስት ዓመት መኻን ስባል ኖሬ፣ ልጅ በሆዴ ይዤ ስለ እብጠት መስማት አልፈለግሁም።

በአምስተኛው ወር ከግንባሬ ጀርባ የሚጫን ራስ ምታት ያዘኝ። የእርግዝና ነው አሉኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። ከዚያ የበሩ መቃን ትከሻዬን ይመታኝ ጀመር። ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ በክርኔ እየገፋሁ ሰበርኩ። ክፍል ውስጥ በግድግዳው በኩል የተቀመጡ ተማሪዎች እጃቸውን አውጥተው ሲጠብቁኝ አላየኋቸውም። ፊት ለፊቴ ያለውን አጥርቼ አያለሁ፤ ደብተር አርማለሁ፤ መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ስለዚህ ዓይኔ ታሟል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ሰፈሩ ግን ለበሽታዬ ስም አወጣለት። ኮራች ተባልኩ።

የባሌ አጎት አያ ቢምረው እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጎን ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ከዘመድ የሚያልፍ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ይስማል። እኔ ሁለት እሑድ በአጠገባቸው ቀጥ ብዬ አለፍኩ። አማቴ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ምነው ልጄ፣ ታረገዝሽ ወዲህ ሰው አላይ አልሽ?»

«አላየኋቸውም» አልኩ።

«ያን የሚያህል ሰው ምነው አይታይ!»

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ከተቀየመ ሽማግሌ ይጠራል እንጂ ሐኪም አይጠራም። ሽማግሌዎቹ እስኪገናኙ፣ ቀን እስኪቆረጥ ሦስት ሳምንት አለፈ። እኔም ሐሳቤ ተበትኖ፣ ምናልባትም እውነት ኮርቼ ይሆናል አልኩ። የሰው ሐሜት አይደለም ዛሬ የሚያናድደኝ፤ እኔ ራሴ ማመኔ ነው።

በዕርቁ ቀን ማጅራቴ ላይ ድንጋይ ይዤ ከአያ ቢምረው ፊት ቆምኩ። እርጉዝ ስለሆንኩ አማቴ የመረጡልኝ ድንጋይ ከዕንቁላል አይበልጥም ነበር። «በድያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ይቅር ለእግዜር» ብለው ድንጋዩን አንስተው ጣሉልኝ።

ከዚያ ተቀመጥን። አያ ቢምረው በግራዬ ሆነው ዳቦ ቆርሰው ዘረጉልኝ። እኔ አላየሁም። እጃቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ለምን እንደሚያዩኝ አልገባኝም። እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ፊቴ ሲያመጡት ዳቦው ድንገት ከአፍንጫዬ ሥር ብቅ አለና ደነገጥኩ። መልሰው ወደ ጎን ወሰዱት። ጠፋ።

«ይች ልጅ አልኮራችም» አሉ። «አታይም።»

በማግስቱ ጎንደር ነበርን። የዓይን ሐኪሟ ከፊቴ ተቀምጣ «አፍንጫዬን ብቻ እዪ፤ ጣቴ ሲታይሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ጣቷ ከጎን ሲመጣ ብዙ ጠበቅሁ። የዕይታ ስፋት የሚለካው ማሽን ያወጣው ወረቀት በሁለቱም ዳር ጥቁር ነበር። ኤምአርአይ ደግሜ ተነሣሁ።

«እብጠቱ የዓይን ነርቮችሽ የሚተላለፉበትን ቦታ ተጭኖታል» አለች። «ክኒኑን እንመልሳለን። በሁለት ሳምንት ካልተሻለሽ አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና እልክሻለሁ። ቀዶ ጥገናው ለፅንሱ ያሰጋል። ከተውነው ደግሞ ልትታወሪ ትችያለሽ።»

ለክትትል እንዲቀርበን እዚያው ጎንደር፣ ማራኪ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። ክኒኑ ያስመልሰኛል። እተኛለሁ። ስነቃ ክንዶቼን ወደ ጎን ዘርግቼ ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ። አይታዩም። በማግስቱም አይታዩም። አንድ ጠዋት፣ ይህ ልጅ ባይኖርስ ብዬ ተመኘሁ። ለምኜ ያገኘሁትን ልጅ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እዚህ የጻፍኩት፣ የምታነቢኝ እህቴ፣ አንቺም አስበሽው ከሆነ ብቻሽን እንዳልሆንሽ እንድታውቂ ነው።

በዘጠነኛው ቀን የቀኝ እጄ አውራ ጣት ታየኝ። ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ጌታነህ የባሰብኝ መስሎት እየሮጠ ገባ።

ከዚያ በኋላ ዕይታዬ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየሰፋ፣ መጀመሪያ በቀኝ በኩል መንገዱን፣ ከዚያ ከጎኔ የሚሄደውን ባሌን እየመለሰልኝ መጣ፤ ቀዶ ጥገናውም ቀረ። የግራ ዓይኔ የውጪው ጎን ዕይታ ግን ሳይመለስ ቀረ። ቀድሜ መጥቼ ቢሆን ይመለስ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት፤ «ሊመለስ ይችል ነበር» አለችኝ። ስላልዋሸችኝ አመሰግናታለሁ።

ልጄ ጊዜዋ ሳይደርስ ተወለደች፤ ትንሽ ነበረች፤ ኖረች። ለዓይኔ ሲባል ክኒኑን ማቋረጥ ስለማልችል ማጥባት ተከለከልኩ። ማንም ሳይፈልገው ሸሚዜን ያረጠበው ወተት ባለቤቷ ስትመጣ ደረቀ። በጡጦ አሳደግኋት። ይህ ከዓይኔ ይበልጥ ያመኛል፤ ዛሬም።

እህቴ፣ ሳትወልጂ ወተት ከመጣ፣ የወር አበባሽ ከቀረ፣ አትፈሪ፤ ተመርመሪ። ክኒን ጀምረሽ ካረገዝሽ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪምሽ ተመለሺ። በር ከገጨሽ፣ ሰው አላየሽኝም ካለሽ፣ ይቅርታ ከመጠየቅሽ በፊት ቀጥ ብለሽ እያየሽ ጣቶችሽን ወደ ጎን ዘርጊ። ካልታዩሽ አታመንቺ፤ በዚያው ቀን ሂጂ።

ምስጋናዬ ለሐኪሟና ለጌታነህ ነው። የአያ ቢምረውን ምስጋና ግን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። አሁንም እሑድ እሑድ እዚያው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከእኔ መምጫ በግራ ነው። ልጄን አዝዬ ስመጣ ሲያዩ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ይነሣሉ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ለምራት አይነሣም። እሳቸው ግን ዞረው መጥተው ፊት ለፊቴ ይቆሙና «አለሁ ልጄ፣ እዚህ ነኝ» ይሉኛል።